አሥር ደቂቃና አሥራ አራት ቀን፦ በእንግሊዝ አገር የኩባንያን የተመዘገበ አድራሻ መቀየር

ከአንድ የሥራ አጋሬ ጋር ለንደን ውስጥ የያዝነው፣ ከአገር ቤት ቡናና በርበሬ እያስመጣ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የሚያከፋፍለው አነስተኛ ሊሚትድ ኩባንያ በቅርቡ የተመዘገበ አድራሻውን ቀይሯል። ሥራውን ለማስፈጸም ሁለት መንገድ ነበረን፤ አንደኛው የኩባንያዎች መዝጋቢ የሆነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ካምፓኒስ ሀውስ፣ በድረ ገጹ የሚሰጠው አገልግሎት ሲሆን፣ ሁለተኛው አድራሻ የሚያከራዩና ለደንበኛ ፎርም የሚሞሉ ድርጅቶች በክፍያ የሚያቀርቡት ነው። ሁለቱንም በቅርብ ስላየሁና፣ በየእድሩና በየቡናው ላይ «ይህን ነገር ጠበቃ ነው ወይስ አካውንታንት የሚሠራው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ስለምሰማ፣ ግምገማዬን እዚህ አስፍሬዋለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ የመንግሥቱ አገልግሎት ነጻና ፈጣን ነው፤ ማንም እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሰው ራሱ ይጨርሰዋል። ችግር የሚመጣው ፎርሙ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኩባንያዎች ሕግ በአንቀጽ 86 ማንኛውም ኩባንያ ደብዳቤና ማስታወቂያ የሚላክበት የተመዘገበ አድራሻ ምንጊዜም እንዲኖረው ያስገድዳል። ይህ አድራሻ የግድ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ወይም ሠራተኛ የሚቀመጥበት ቢሮ መሆን የለበትም፤ የእኛም የቡና መጋዘን ሌላ ቦታ ነው። ይሁን እንጂ ከሳሽ መጥሪያውን፣ ግብር ሰብሳቢው ማሳሰቢያውን፣ መዝጋቢው ማስጠንቀቂያውን የሚልኩት ወደዚያ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ፖስታውን ከፈተውም አልከፈተው፣ ቀን መቆጠር ይጀምራል። የገንዘብ ክስ የቀረበበት ኩባንያ የክሱ ዝርዝር ከደረሰው በኋላ መልስ ወይም ክሱ እንደደረሰው የሚገልጽ ማረጋገጫ ለማቅረብ ያለው ጊዜ 14 ቀን ነው፤ ያ ካለፈ ከሳሹ ክርክር ሳይሰማ ፍርድ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።

እኛ ኩባንያውን ስናቋቁም የቤታችን አድራሻ በአደባባይ እንዳይወጣ ስለፈለግን፣ ከአንድ አድራሻ አከራይ ድርጅት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ በመሀል ለንደን የሚገኝ ቁጥርና ጎዳና በዓመት ክፍያ ተከራየን። ውሉ ደብዳቤ በመጣ ዕለት ስካን ተደርጎ በኢሜይል እንደሚላክልን ይናገር ነበር። አንድ ሰኞ የደረሰን ስካን ግን ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም የ19 ቀን ዕድሜ ነበረው፤ ውስጡም የዓመቱን ሒሳብ ማቅረቢያ ቀን መቃረቡን የሚያሳስብ ደብዳቤ ነበር። ደግነቱ ሒሳቡ ቀድሞ ገብቷል እንጂ፣ የግል ኩባንያ ሒሳቡን በአንድ ቀን እንኳ ቢያዘገይ የሚቀጣው 150 ፓውንድ ነው። ስንለቅ ደግሞ ያው ድርጅት አድራሻውን ለመለወጥ «የአስተዳደር ክፍያ» ብሎ 40 ፓውንድ ጠየቀን። ካምፓኒስ ሀውስ ለዚሁ ሥራ የሚያስከፍለው ምንም ነው፤ ባዶ። ይህን ሳላውቅ ብከፍል ኖሮ ዛሬም ይቆጨኝ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የማኅበር ሥራ የሠራ፣ ቃለ ጉባኤ አስፈርሞ ውልና ማስረጃ ወረፋ የያዘና ከዚያ ፋይሉን ተሸክሞ ንግድ ቢሮ የወጣ ሰው እዚህ መጀመሪያ የሚያስደንቀው የወረቀቱ ማነስ ነው። የኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ ሌላ ነገር ካላዘዘ በቀር ውሳኔው የዳይሬክተሮች ነው፤ የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ አያስፈልግም፤ ቃለ ጉባኤውም ወደ መዝጋቢው አይላክም። እኛ ግን ከልማዳችን አልወጣንም፤ ሁለታችን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ግማሽ ገጽ ቃለ ጉባኤ ጽፈን ፈርመን በኩባንያው መዝገብ አስቀመጥነው። ነገ አጋር ከአጋር ቢጣላ «ማን ወሰነ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርምና፣ ለሌላውም ሰው የምመክረው ይኸንኑ ነው።

ፎርሙ ኤዲ 01 ይባላል። በድረ ገጹ ገብተን የኩባንያውን ቁጥርና የማረጋገጫ ኮዱን ካስገባን በኋላ፣ አሁን የተመዘገበው አድራሻ ይታያል፤ ከሥሩ አዲሱን በፖስት ኮድ እንድንፈልግ ይጠይቃል፤ የሕንጻ ቁጥሩን መርጠን ከቀጠልን በኋላ አድራሻው ተገቢ መሆኑን የምናረጋግጥበት አንድ ሳጥን ላይ ምልክት አድርገን እንልካለን። እኔ ከጀመርሁ እስክጨርስ የጀበናው ቡና አልፈላም ነበር። ወዲያው መላኩን የሚገልጽ ኢሜይል መጣ፤ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ መመዝገቡን የሚገልጽ ሁለተኛ ኢሜይል ደረሰን። በኢንተርኔት የተላከ ለውጥ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይመዘገባል፤ በወረቀት ተሞልቶ በፖስታ የሚላከው ግን ይዘገያል። አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ፎርሙ «ለውጡ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ቀን አይጠይቅም። ለውጡ የሚጸናው መዝጋቢው በመዘገበበት ዕለት ስለሆነ፣ አንድ ሰው ቢሮውን የለቀቀው ባለፈው ወር ቢሆንም ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆጠር ቀን የለም።

የማረጋገጫ ኮዱ ነገር ለብቻው መነገር አለበት፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና። ኮዱ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ሲሆን በኩባንያ ስም ሲቀርብ እንደ ፊርማ ይቆጠራል። የጠፋበት ሰው አዲስ ሲጠይቅ በፖስታ የሚላክለት ወደ ተመዘገበው አድራሻ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ቢሮ ቁልፍ አስረክቦ የወጣ ሰው፣ አድራሻ ለመቀየር የሚያስፈልገው ኮድ ትቶት ወደወጣው አሮጌ አድራሻ ይሄድበታል። መሥሪያ ቤቱ ለዚህ መፍትሔ አበጅቷል፤ ኮዱን ወደ ዳይሬክተሩ የመኖሪያ ቤት አስልኮ መቀበል ይቻላል። ቢሆንም ፖስታ ሲጠበቅ ቀን ይሄዳልና፣ ኮዱን ከመልቀቅ በፊት አግኝቶ መያዝ ይበጃል። የእኛን ኮድ ይዞ የቆየው አከራዩ ድርጅት ነበር፤ ለመስጠት ሦስት ኢሜይል አስፈልጎታል።

ኮድ የሌለው ሰው በወረቀት መላክ ይችላል ማለት ደግሞ፣ የሌላውን ኩባንያ አድራሻ በወረቀት ለመለወጥ የሚሞክር አጭበርባሪም መንገድ አለው ማለት ነው። ለዚህ መከላከያ የሚሆነው ፕሩፍ የሚባለው ነጻ አገልግሎት ነው፤ ኩባንያው ከተመዘገበበት በኋላ መዝጋቢው የአድራሻና የዳይሬክተር ለውጥን የመሳሰሉ ፎርሞችን በወረቀት አይቀበልም። ከዚህ ጋር በኩባንያው ገጽ ላይ «ፎሎው» የሚለውን ተጭኖ አዲስ ሰነድ በገባ ቁጥር ኢሜይል እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል። ሁለቱም አምስት አምስት ደቂቃ አይፈጁም፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ፊት ለፊት አውጥቶ አያሳያቸውም፤ ይህን እንደ ጉድለት እቆጥርበታለሁ።

አሁን ወደ አሥራ አራቱ ቀን ልምጣ። በዚሁ ሕግ በአንቀጽ 87 መሠረት ለውጡ ከተመዘገበ በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ ማንኛውም ሰው በአሮጌው አድራሻ ሰነድ ቢያደርስ በሕግ እንዳደረሰ ይቆጠርለታል። ይህ ማለት አዲሱን አድራሻ በድረ ገጹ ላይ እያየን፣ አሮጌው በር ገና የእኛ ነው ማለት ነው። ፎርሙ ላይ ስለዚህ ነገር ጎላ ብሎ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አላየሁም፤ አከራዩ ድርጅትም የኪራይ ዘመኑን የሚዘጋው በውሉ መጨረሻ ዕለት እንጂ ስለ 14ቱ ቀን ደንታ የለውም። እኛ ይህን ስላወቅን ለውጡን ያስመዘገብነው ውሉ ከማለቁ አራት ሳምንት ቀድመን ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን በእርግጥም አንድ ፖስታ በአሮጌው አድራሻ መጣ፤ የኢንሹራንስ ማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ መጥሪያ ቢሆን ኖሮ ግን በሕግ እንደደረሰን ይቆጠር ነበር።

ሳይቀይር ዝም ብሎ የለቀቀ ሰውስ? የቦታው ባለቤት ወይም አከራዩ፣ ኩባንያው በዚያ አድራሻ የመጠቀም ፈቃድ እንደሌለው ለመዝጋቢው ሊያመለክት ይችላል። መዝጋቢው ከተቀበለው ኩባንያውን ካርዲፍ ወደሚገኘው የራሱ ጊዜያዊ አድራሻ ያዛውረዋል፤ ከዚያ ኩባንያው በ28 ቀን ውስጥ ተገቢ አድራሻ ከነማስረጃው ካላቀረበ ከመዝገብ ወደ መሰረዝ ሊኬድ ይችላል። የተሰረዘ ኩባንያ በባንክ ያለው ገንዘብ ሳይቀር ለዘውዱ፣ ማለትም ለመንግሥት፣ ገቢ እንደሚሆን ስንቱ ያውቃል?

እ.ኤ.አ. ከማርች 4 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ ደንቡ ጠብቋል። አድራሻው «ተገቢ» የሚባለው የተላከው ሰነድ ኩባንያውን ወክሎ በሚሠራ ሰው እጅ ይገባል ተብሎ ሲጠበቅና መረከቡም በፊርማ ሊረጋገጥ ሲችል ነው። በዚህ ምክንያት ባዶ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ ተመዘገበ አድራሻ አይቀበሉም። አድራሻ ማከራየት ራሱ አልተከለከለም፤ ነገር ግን በዚህ መለኪያ ሲመዘን፣ ደብዳቤ 19 ቀን የሚያስቀምጥ አከራይ ሕጉ የሚጠብቀውን እየሠራ ነው ለማለት ይከብደኛል። ከዚያው ዕለት ጀምሮ ኩባንያዎች የተመዘገበ ኢሜይልም እንዲሰጡ ተደርጓል፤ ኢሜይሉ ግን ለሕዝብ አይታይም።

አገልግሎቱ የማይሠራውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በእንግሊዝና ዌልስ የተመዘገበ ኩባንያ በዚህ ፎርም ወደ ስኮትላንድ ወይም ወደ ሰሜን አየርላንድ አይሻገርም፤ ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ የገባ ወዳጄ ሱቁን እዚያ ቢከፍትም የተመዘገበ አድራሻው አሁንም ደቡብ፣ እንግሊዝ ውስጥ ነው። ኤዲ 01 የዳይሬክተሩን የግል መልእክት አድራሻ አይለውጥም፤ እርሱ ለብቻው ሲኤች 01 በሚባል ፎርም በ14 ቀን ውስጥ መነገር አለበት፤ ኩባንያውን ለተቆጣጠረው ባለድርሻም ሌላ ፎርም አለው። ካምፓኒስ ሀውስ የተመዘገበውን አድራሻ ለውጥ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ያስተላልፋል፤ ቫት የተመዘገበ ነጋዴ ግን ዋና የሥራ ቦታው ከተቀየረ በ30 ቀን ውስጥ ራሱ ማሳወቅ አለበት። ባንኩንና ኢንሹራንሱን ማንም አይነግርልንም።

የእኛ አዲሱ አድራሻ የአካውንታንታችን ቢሮ ነው፤ በጽሑፍ ፈቃዷን አግኝተን ነው የገባነው። ቤታቸውን ያስመዘገቡ ወገኖች ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ አድራሻ ቢቀየርም አሮጌው በሰነዶቹ ታሪክ ውስጥ ለሁሉም እንደታየ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 27 ቀን 2025 ጀምሮ የመኖሪያ ቤቱን እንደ ተመዘገበ አድራሻ የተጠቀመ ሰው፣ ኩባንያው ወደ ሌላ አድራሻ ከተዛወረ በኋላ፣ ከእይታ እንዲሰወርለት ማመልከት ይችላል፤ ክፍያው በሰነድ 30 ፓውንድ ነው። ሰነዱ አምስት ከሆነ ማባዛት ነው፤ ይህ ዋጋ ለትንሽ ነጋዴ ቀላል አይደለም።

ለአገልግሎቱ ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስሁት ስለ 14ቱ ቀንና ስለ ፕሩፍ ፎርሙ ላይ ባለመጻፉ ነው፤ ለአከራዩ ግን አንድ ኮከብም ይበዛበታል። የእኛም ሥራ አልተጠናቀቀም፤ የተመዘገበው አድራሻ በደብዳቤ፣ በኢሜይል፣ በማዘዣ ወረቀትና በድረ ገጽ ላይ መታየት ስላለበት ሁሉንም አርመናል ብለን ነበር፤ ትናንት ግን አጋሬ ለአንድ ምግብ ቤት የላከው ኢሜይል ግርጌ ላይ አሮጌው የመሀል ለንደን አድራሻ ተጽፎ አየሁት።