«አር 11» ሴራሚክ በደብረ ብርሃን ክረምትና ውርጭ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ምድር ቤቱን ክሊኒክ፣ ፎቆቹን ቢሮዎች የተከራዩት ሕንፃ አለኝ። ባለፈው ግንቦት የመግቢያውን፣ የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫውንና የደረጃውን የሚያብረቀርቅ ፖርስሊን አስነሥቼ ካርቶኑ ላይ አለማንሸራተቱን የሚናገረው ቁጥር «አር 11» ተብሎ የታተመበትን ሻካራ ግራጫ ፖርስሊን አስነጠፍኩ። ለምድር ቤቱ ኮሪደር «አር 10» መረጥኩ። ክረምቱም ውርጩም አልፎ የካቲት ገብቷል፤ ስለ ዕቃው ለመፍረድ ይህ የሚበቃ ይመስለኛል።

አስቀድሞ ስለ ቁጥሩ፣ ምክንያቱም ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ይህ አር 9 ነው፤ አያንሸራትትም» የሚል ሻጭ አይጠፋም። የሰማው ሰው ከ1 ተነሥቶ 9 የደረሰ ከፍተኛ ደረጃ አድርጎ ይወስደዋል። መለኪያው ግን የሚጀምረው ከ9 ነው፤ የሚያበቃውም 13 ላይ ነው። ፈተናው የጀርመን ነው፦ ዘይት በተቀባ ንጣፍ ላይ ለፈተናው የተወሰነ ጫማ ያደረገ ሰው ወዲያና ወዲህ ይራመዳል፣ ንጣፉ የተቀመጠበት መድረክ ቀስ በቀስ ያዘነብላል፣ ሰውየው እግሩን ማመን ሲያቅተው ማዕዘኑ ይመዘገባል። አር 9 የሚባለው ከ6 እስከ 10 ዲግሪ የቻለው ነው። አር 10 እስከ 19፣ አር 11 ደግሞ እስከ 27 ዲግሪ ይችላል። በባዶ እግር ለሚረገጥ ቦታ፣ እንደ ክሊኒኩ መታጠቢያ ክፍል ላለው፣ በሳሙና ውኃ የሚፈተን ሌላ መለኪያ አለ፤ እርሱ ኤ፣ ቢ እና ሲ እየተባለ ይመደባል። ኤ ዝቅተኛው፣ ሲ ከፍተኛው ነው። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሴራሚኩ ዋጋውን አስመሰከረ። በገበያ ቀን ከየገጠሩ ለሕክምና የሚመጣው ሰው ቦቲ ወይም ኮንጎ ጫማ አድርጎ፣ ጋቢውና በርኖሱ እየተንጠባጠበ ነው የሚገባው። በአሮጌው ወለል ላይ የሽማግሌዎቹ ምርኩዝ ከእግራቸው ቀድሞ ይሸሽ ነበር፤ በተለይ ጫፉ ብረት የሆነው። አሁን ምርኩዙ በተተከለበት ይቆማል። በዚህ ክረምት መግቢያው ላይ የወደቀ ሰው አላየሁም፣ አልሰማሁምም። የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫውም እንደዚያው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል፤ መወጣጫ ሠርቶ በሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ማልበስ ግን፣ በእኔ እይታ፣ አዋጁን በወረቀት ብቻ መፈጸም ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። የእኛ አገር ጭቃ ዋልካ ነው። ሻካራነቱ የሚይዘው እግርን ብቻ አይደለም፤ ዋልካውንም ይይዛል። በእርጥብ መወልወያ ሲታበስ ጭቃው አይነሣም፣ በስሱ ይለቀለቃል እንጂ። ያ ስስ ጭቃ ደርቆ ጉድጓዶቹን ሲሞላና የሰው እግር ሲያለሰልሰው፣ በአር 11 ዋጋ የተገዛው ወለል ተመልሶ ያንሸራትታል። የጽዳት ሠራተኛችን በመጀመሪያው ሳምንት «ጋሼ፣ ይህ ወለል እኮ መወልወያ ይበላል» አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። መፍትሔው ጠንካራ ብሩሽ፣ ብዙ ውኃና ጥቂት ሳሙና ሆነ፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና ውኃውን በላስቲክ መግፋት። ማለቅለቁ የግድ ነው፤ የቀረ ሳሙና ራሱ ያንሸራትታል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሥራ ሰዓቷን ጨምሬ ደመወዟንም አስተካክያለሁ። ሴራሚኩን በካሬ ሜትር ብቻ አስልቶ የሚገዛ አከራይ ይህንን ወጪ አያየውም፤ ከዚያ ወለሉ ሲቆሽሽ ሠራተኛዋን ይቆጣል።

ሥራውን በግማሽ ያቀለለው በር ላይ ያስቀመጥነው የብረት ፍርግርግ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ረጅም ምንጣፍ አለ። ምንጣፉ ሁለት ሦስት እርምጃ የሚያስረግጥ መሆን አለበት፤ በር ላይ የምትጣለዋን ትንሿን ምንጣፍ ሰው ሁሉ ተሻግሯት ያልፋል።

አንድ ተከራይ ደግሞ ለበዓል ብሎ ኮሪደሩን የሚያብረቀርቅ ሰም አስቀባው። አማረ። አር 10 ግን ከሰሙ በታች ቀረ፤ የሚረገጠው ሰሙ ነውና። እስኪነሣ ድረስ ብዙ ተፈገፈገ፤ አሁን በኪራይ ውላችን ላይ ያለ ፈቃድ ሰም መቀባት የሚከለክል አንቀጽ አለ።

ውርጩን በተመለከተ ከዕቃው ተአምር አትጠብቁ። በኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ የውጭው መወጣጫ ላይ ስስ በረዶ ሲይዝ አር 11ም ያንሸራትታል፤ ጥበቃው ፀሐይ እስኪሞቅ አሸዋ ይበትንበታል። የደረጃው ጠርዝ ላይ የለጠፍናቸው ሻካራ ፕላስተሮችም እርጥበቱን አልቻሉም፤ ጫፋቸው ተላቆ እግር ማደናቀፍ ሲጀምሩ አስነቀልኳቸው። ጠርዙ ላይ ከፋብሪካው የተቦረቦረ መስመር ያለው የደረጃ ሴራሚክ የተሻለ ነው።

ሻካራነት ሲበዛ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እግራቸውን እየጎተቱ የሚሄዱ ሕመምተኞች በጣም ሻካራ ወለል ላይ ጫማቸው ይያዝባቸዋል፤ የመድኃኒት ጋሪም ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ኮሪደሩ ላይ ከአር 10 ያላለፍኩት። ፎቅ ያሉት ደረቅ ቢሮዎች አሮጌው ወለላቸው እንዳለ ነው፤ የምነካበት ምክንያት አላየሁም።

መልኩ አያምርም፤ አንድ ወዳጄ «ጋራዥ አስመሰልከው» ብሎኛል። ለመግዛት ያሰበ ሰው «ማት ነው» በሚል ቃል አይርካ፤ ፊቱ ያልበራ ሁሉ እግር አይዝም። ካርቶኑ ላይ ቁጥሩን ይፈልግ፣ ናሙናው ላይ ውኃ አስፈስሶ በኮንጎ ጫማ ይርገጠው። ከዚያም የምርት ቁጥራቸው አንድ የሆነ ጥቂት ትርፍ ካርቶኖች አብሮ ይግዛ፤ እኔ መወጣጫው ላይ የተሰነጠቀውን አንዱን ስቀይር ከሱቅ አዲስ የመጣው ግራጫ ከእኔው ግራጫ ጋር አልገጠመም ነበር።