ታጣፊ፣ ቋሚ ወይስ ባለ ጎማ? የፖስታ ከረጢት ማቆሚያ ለምትገዙ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች

ደሴ ውስጥ ዕቃና ሰነድ እየተቀበለ ወደ ወረዳ የሚልክ ቢሮ ያለው ሰው የጠዋቱን ግርግር ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ የመጣው ጭነት መሬት ላይ ይዘረገፋል። አንዱ ሠራተኛ የከረጢቱን አፍ በሁለት እጁ ከፍቶ ይቆማል። ሌላው አድራሻ እያነበበ ይጥላል። ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ወልዲያ፣ ኩታበር፣ አቀስታ፣ መካነ ሰላም። አንድ ሰው የሚችለውን ሥራ ሁለት ሰው ይዞት ይውላል። እንደዚያም ሆኖ የአቀስታው ጥቅል ወልዲያ ይሄዳል። ከረጢቶቹ የቆሙት እርስ በርስ ተደጋግፈው ስለሆነ፣ አንዱ ሲወድቅ የየትኛው ከተማ እንደነበር ይምታታል።

መፍትሔው የከረጢት ማቆሚያ ፍሬም ነው። እግር ያለው ብረት ሆኖ፣ ከላይ የከረጢቱን አፍ ወጥሮ ይይዛል። ሠራተኛው ሁለቱም እጁ ነፃ ይሆናል፤ ወገቡም ያርፋል። ጥያቄው የትኛውን ዓይነት ልግዛ የሚለው ነው።

አብዛኛው ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ይታጠፋል ወይ?" ብሎ ነው። መታጠፉ ዘመናዊ ይመስላል፤ ቦታም ይቆጥባል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት እላለሁ። ልየታው ሲያልቅ ያ ክፍል ለምን ይፈለጋል? ጠዋት ከረጢት የሚሞላበት ክፍል ከሦስት ሰዓት በኋላ ደንበኛ የሚስተናገድበት ከሆነ፣ ታጣፊው ዋጋውን ያወጣል። ክፍሉ ቀኑን ሙሉ የልየታ ክፍል ከሆነ ግን ማጠፊያው ትርፍ ወጪ ነው። የማይታጠፍ ታጣፊ ፍሬም ማለት፣ ቶሎ የሚላላ ቋሚ ፍሬም ማለት ነው።

ስለዚህ ደሴንና ኮምቦልቻን ከሚለየው ከሐረጎ ዳገት በላይና በታች መልሱ አንድ ላይሆን ይችላል። ደሴ ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ፒያሳም ሆነ ሸዋ በር ብዙው ቢሮ ጠባብ የኪራይ ሱቅ ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ናት። ደረቅ ወደቡና ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሰፊ መጋዘን አስለምደዋታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ለአንዱ የሚሆነው ፍሬም ለሌላው አይሆንም።

ክብደቱን አስቀድማችሁ ወስኑ

የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ አንድ የፖስታ ከረጢት ከነይዘቱ ከ30 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። ኢትዮጵያ የኅብረቱ አባል ከሆነች ቆይታለች፤ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው። የግል ቢሮ ብትሆኑም ይህን ቁጥር ያዙት። 30 ኪሎ አንድ ሰው አንስቶ መኪና ላይ የሚሰቅለው የመጨረሻ ልክ ነው። ፍሬሙም ይህን መሸከም አለበት፤ ያውም ጥቅል ከላይ እየተወረወረበት።

እዚህ ላይ ብዙ በያጆች የሚዘነጉት ነገር አለ። ከረጢቱ ከአፉ ብቻ መንጠልጠል የለበትም። የታችኛው ጫፉ መሬት ወይም ዝቅተኛ ጣውላ መንካት አለበት። ያኔ ብረቱ የሚይዘው አፉን ብቻ ነው፤ ክብደቱ ታች ያርፋል። ከተንጠለጠለ ግን ስፌቱ ይተረተራል፤ ብረቱም ቀስ በቀስ ይጎብጣል። ስለዚህ የፍሬሙ ቁመት የሚለካው በከረጢታችሁ ነው። ከረጢቱን ይዛችሁ ሂዱ። "መደበኛው ቁመት ይሁንልኝ" ብላችሁ አትዘዙ።

ደሴ ከሆናችሁ ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ ጣውላ ወይም የብረት ርብራብ ጨምሩበት። በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ሲሰነብት የሲሚንቶ ወለል እርጥበት ያዝላል። ወረቀት የያዘ ከረጢት ሌሊቱን እዚያ ላይ ካደረ፣ ጠዋት የታችኛው ፖስታ ጠርዙ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ።

ታጣፊው

የተለመደው ታጣፊ ፍሬም መሀሉ ላይ የሚቆላለፉ ሁለት አራት ማዕዘን ብረቶች ነው፤ በታጣፊ አልጋ እግር ዓይነት። ሲከፈት የሁለቱ ራስ ይራራቃል፤ የከረጢቱ አፍ በእነሱ ላይ ይገለበጣል። ሲዘጋ ጠፍጣፋ ይሆናል። አምስትና ስድስቱ ከበር ጀርባ ይቆማሉ።

ሰዎች ታጣፊው ብረት ስለሚቀንስ ይረክሳል ብለው ያስባሉ። እናስላው። ፍሬሙ የሚሠራበት ቱቦላሬ፣ ማለትም ባለ አራት ጎን የብረት ቧንቧ፣ የሚሸጠው በ6 ሜትር ቤርጋ (ዘንግ) ነው። ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ቁመትና በየጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቋሚ ፍሬም ለእግሮቹ 3.6 ሜትር፣ ለላይኛው ዙሪያ 1.8፣ ለታችኛው 1.8 ይፈጃል። ድምሩ 7.2 ሜትር ነው። ታጣፊው እግሩ ስላዘነበለ ይረዝማል። እያንዳንዱ እግር 1.15 ሜትር፣ አግዳሚዎቹ ግማሽ ግማሽ ሜትር ቢሆኑ 6.6 ሜትር ይወጣል። ልዩነቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አያልፍም። ቀዳዳው፣ ብሎኑ፣ ልኩ መግጠሙ ግን የእጅ ዋጋ ይጨምራል። በደንብ የተሠራ ታጣፊ ከቋሚው ካልተወደደ የሆነ ነገር ተዘሏል ማለት ነው።

የሚዘለለው ደግሞ ሁልጊዜ እዚያው፣ መሀል ማጠፊያው ላይ ነው። ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ቱቦላሬው ውስጡ ባዶ ነው። በያጁ በመሰርሰሪያ በስቶ ብሎን ብቻ ካስገባበት፣ ብሎኑ የሚደገፈው በሁለት ስስ የብረት ግድግዳ ነው። በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። መጀመሪያ ክብ የነበረው እንቁላል ይሆናል። ከዚያ ፍሬሙ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል። ጥሩ በያጅ በቀዳዳው ውስጥ አጭር ወፍራም ቧንቧ አሳልፎ በሁለቱም በኩል ይበይደዋል፤ ብሎኑ የሚዞረው በዚያ ውስጥ ነው። በሁለቱ ብረቶች መሀል ሮንዴላ (መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ስስ ክብ ብረት) ይገባል። ጫፉ ላይ አንዱ ዳዶ እንዳይፈታ ሁለተኛ ዳዶ ይታሰርበታል። ይህን ካያችሁ ሰውዬው ሥራውን ያውቃል።

ሁለተኛው ፍሬሙን የሚገታው ማሰሪያ ነው። ክብደት ሲገባ እግሮቹ መንሸራተትና መከፈት ይፈልጋሉ። አንድ ነገር ሊይዛቸው ይገባል። ሲባጎ አይሆንም፤ ይለጠጣል፤ የከረጢቱ አፍም ዝቅ ይላል። ሰንሰለት ይይዛል ግን ይንኳኳል፤ ጣትም ይቆነጥጣል። ከሁሉ የምመርጠው ያገለገለ የመኪና ቀበቶ ነው። ጠንካራ ነው፣ አይለጠጥም፣ ሲታጠፍ ቦታ አይፈጅም። ሁለት ይሁን፤ በግራም በቀኝም። በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ይታሰር እንጂ እንዲሁ አይቋጠር።

እግሮቹ ሲከፈቱ መሬት ላይ የሚሸፍኑት ስፋት ከላይ ካለው አፍ ማነስ የለበትም። ካነሰ አንድ ከባድ ጥቅል ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ይገለበጣል። ወለላችሁ ሴራሚክ ከሆነ የእግሩ ጫፍ ላይ ጎማ ይግባ።

ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ዓይነትም አለ። ሲፈለግ ይዘረጋል፣ ሲያበቃ ወደ ግድግዳው ይከደናል። ወለል ላይ ምንም አይቀርም፤ ለጠባብ ሱቅ ከዚህ የተሻለ የለም። ነገር ግን ግድግዳው መሸከም አለበት። የጭቃ ቤት ከሆነ አይሞከርም። ብሎኬትም ውስጡ ባዶ ስለሆነ እየተፈረፈረ ይለቃል። ድንጋይ ወይም የኮንክሪት ምሰሶ ላይ ከሆነ ሳትፈሩ አሠሩት። ተከራይ ከሆናችሁ ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት አከራዩን ማናገር ግድ ነው።

ቋሚው

ቦታ ካላችሁ ቋሚው ያሸንፋል። የሚላላ ነገር የለውም። ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ግን በየአንዱ ሳይሆን በረድፍ ሲሠራ ነው። አምስት ነጠላ ፍሬም ብታሠሩ 36 ሜትር፣ ማለትም ስድስት ቤርጋ ይፈልጋል። አምስቱን አፎች በአንድ ረድፍ አያይዛችሁ እግሩን በሁለቱ ጫፍና በመሀል ብቻ ብታደርጉት ወደ 18 ሜትር ተኩል ይበቃል። ብረቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ስድስት እግር ያለው ረድፍ ደግሞ አይገለበጥም።

ችግሩ አንዴ ከተሠራ መልሶ መለወጥ አለመቻሉ ነው። ዛሬ አምስት መስመር አላችሁ፣ ከርሞ ስምንት ቢሆንስ? ሌላው የበሩ ስፋት ነው። 2.25 ሜትር ርዝመት ያለው ረድፍ ወደ ውስጥ ሲገባ መዞር አለበት። ለክተው ሳያረጋግጡ አሠርተው በረንዳ ላይ የቀረባቸው ሰዎች አሉ።

ባለ ጎማው

ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ለምትሠሩ ይህን እመክራለሁ። ከረጢቱ እንደሞላ ሳይነሳ እስከ መኪናው ይገፋል። 30 ኪሎ ተሸክሞ የሚመላለስ ወገብ ይድናል። ሁለቱ ጎማዎች ፍሬን ይኑራቸው። ጎማው ትንሽ ከሆነ የወለል ስንጥቅ ውስጥ ይቀረቀራል፤ ትልቁን ምረጡ። ደሴ ላይ ግን በሩ ደፍ፣ ደጁ ዳገት በሆነበት ቤት ባለ ጎማ ፍሬም አይመከርም። ፍሬኑ ያልተያዘ አንድ ቀን ሙሉ ከረጢት ይዞ ቁልቁል ይሄዳል።

ከሱቅ የሚገዛው ቀላል የልብስ ማጠራቀሚያ ፍሬምስ? መጋጠሚያው ፕላስቲክ ነው። ለደብዳቤና ለስስ ሰነድ ይበቃል፤ ለጥቅል አይሆንም። የባህር ዛፍ እንጨትም ለጊዜው ይሠራል፤ ሚስማሩ ግን ከረጢት ይበላል።

አፉን የሚይዘው ነገር

ከሦስቱ የቱንም ብትመርጡ፣ በየቀኑ የሚያስደስታችሁ ወይም የሚያማርራችሁ ከላይ ያለው አያያዝ ነው። የሸራ ከረጢት ቀዳዳው በብረት ቀለበት የተጠናከረ ከሆነ አራት መንጠቆ ይበቃዋል። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ግን ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያን መንጠቆ ላይ ከሰቀላችሁት ክሩ ተስቦ እስከ ታች ይቀደዳል። ለእሱ የሚሆነው አፉን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ገልብጦ ብረቱን ማልበስ፣ ከዚያ በመቆንጠጫ መያዝ ነው። ለዚህ ላይኛው ብረት ክብ ቢሆን ይመረጣል። የቱቦላሬ ስለታም ጠርዝ ማዳበሪያውን ይፈትጋል።

ከመረከባችሁ በፊት አንድ የማዳበሪያ ቁራጭ ይዛችሁ በላይኛው ብረት ዙሪያ ጎትቱት። የተያዘበት ቦታ ሁሉ የብየዳ ፍንጣሪ አለ። በያጁ እዚያው በብረት መፍጫ (ሞላ) ያለስልስላችሁ። ከቀለሙ በፊት አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) መቀባቱንም ጠይቁ፤ ለደሴ እርጥበት ያለ እሱ አይሆንም።

ስም የሚጻፍበት ላሜራ ፍሬሙ ላይ ይበየድ እንጂ ከረጢቱ ላይ ብቻ አይንጠልጠል። ከረጢት ሲሞላ ይነሳል፤ ስሙም አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ባዶ ከረጢት ስም የለሽ ሆኖ ሲቆም ነው ጥቅል የሚሳሳተው። ከተሞቹንም በመንገዳቸው ቅደም ተከተል አሰልፉ። የሰሜኑ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ወልዲያ ባንድ በኩል፤ የምዕራቡ አቀስታና መካነ ሰላም በሌላ በኩል። ኮምቦልቻ ላይ ከሆናችሁ ባቲና ሚሌ ባንድ ረድፍ፣ ሐርቡና ከሚሴ በሌላ። እጅ መንገዱን ይለምደዋል። ብዙ ጥቅል የሚገባበት ከረጢት ለሚለየው ሰው ቅርብ ይሁን።

እዚህ ላይ ፖስታ ቤት ውስጥ ለምትሠሩ አንድ ቃል። እኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ፖስታ ሣጥን ስለሆነ ልየታው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ በከተማ፣ ቀጥሎ በሣጥን ቁጥር። ፍሬሙ የሚጠቅመው ለመጀመሪያው ነው። ለሁለተኛው በእንጨት የተከፋፈለ መደርደሪያ እንጂ ከረጢት አይሆንም።

እኔ ብጠየቅ፣ ደሴ ለሚገኝ አንድ ክፍል ቢሮ መሀሉ በቧንቧ የተጠናከረ ታጣፊ እመርጣለሁ። ኮምቦልቻ መጋዘን ላለው ባለ ጎማ፣ መኪናው በሩ ድረስ የሚጠጋለት ከሆነ ደግሞ ቋሚ ረድፍ። ሁለቱም ከተማ ላይ በያጅ ሞልቷል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሠሩና ሳምንት ሥሩበት። ማሰሪያው ከላላ፣ ቁመቱ ካነሰ፣ ከረጢቱ ከተቀደደ ያኔ ይታያል። የቀሩትን በዚያ ልክ እዘዙ፤ ቀብድም ለአንዱ ብቻ ክፈሉ።