ኢንተርኔት ዶት ኤንኤል፣ ኤስኤስኤል ላብስ ወይስ ቴስት ኤስኤስኤል?

ሦስቱ የዌብሳይትን (አንዱ የኢሜይልንም) ደኅንነት የሚፈትሹ መሣሪያዎች ናቸው፤ ሦስቱም ነፃ ናቸው። ስለዚህ ወሳኙ ብር ሳይሆን ምን መፈተሽ እንደፈለጋችሁና ስንት ጣጣ መሸከም እንደምትችሉ ነው።

ኤስኤስኤል ላብስ ኳሊስ የተባለ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ አገልግሎት ነው። የሚያየው የዌብሳይቱን ኢንክሪፕሽን (መረጃው በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚመሰጠርበትን) ብቻ ነው፣ ያውም በፖርት 443 (ዌብሳይቶች ለተመሰጠረ ግንኙነት በሚጠቀሙበት በር)። እሷን ግን አብጠርጥሮ ያያታል፤ የትኛው አሮጌ ስልክ ዌብሳይታችሁን መክፈት እንደሚያቅተው ሳይቀር ይነግራችኋል። ውጤቴ በይፋ አይውጣ የምትለዋን ሳጥን መጫን እንዳትረሱ። ኢሜይል አይነካም።

ቴስት ኤስኤስኤል ኮምፒውተራችሁ ላይ በትእዛዝ መስመር የምታስኬዱት ነው። ከውጭ የማይታይ የቢሮ ውስጥ ሰርቨር ካላችሁ ሌላ አትፈልጉ። ለአለቃ የሚታይ ያማረ ገጽ ግን የለውም።

የኔዘርላንድሱ ኢንተርኔት ዶት ኤንኤል (ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ) ሰፋ ይላል። አይፒቪ6 (አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት)፣ ዲኤንኤስሴክ (የዶሜይን መረጃ እንዳይጭበረበር የሚጠብቅ ፊርማ)፣ የዌብሳይት ኢንክሪፕሽን፣ ለኢሜይል ደግሞ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ (ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ መሆኑን የሚያስለዩ)፣ እንዲሁም ዴን (በሰርቨሮች መካከል ያለውን የኢሜይል ኢንክሪፕሽን የሚያጠብቅ)፣ ሁሉንም ፈትሾ ከመቶ ነጥብ ይሰጣል። በስማችሁ ሌላ ሰው ኢሜይል እንዳይልክ ከፈለጋችሁ ከሦስቱ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። መቶ ካልደፈንኩ ብላችሁ ግን እንቅልፍ አትጡ። ኢሜይላችሁ ጎግል ዘንድ ከሆነ የዴን ነጥብ ያመልጣችኋል፤ ያንን የሚያስተካክለው ጎግል እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

የኢንተርኔት ዶት ኤንኤል ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ የራሳችሁን ቅጂ ማቆምም ይቻላል። የብራዚልን ዶሜይኖች የሚመዘግበው ኒክ ዶት ቢአር እሱን መሠረት አድርጎ ለአገሩ ሰው በፖርቱጋልኛ አቅርቦታል። በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያስኬድ መሣሪያ) ይጫናል፣ መጫኑ ላያስቸግራችሁ ይችላል፤ ጉዱ ያለው ሰርቨሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። የሚሠራ አይፒቪ6 ከሌለው የሌላውን አይፒቪ6 በምን ይፈትሻል? የሌሎችን የኢሜይል ሰርቨር ለማናገር ደግሞ ፖርት 25 ወደ ውጭ ክፍት መሆን አለበት፣ ብዙ የክላውድ አከራዮች ግን አይፈለጌ መልእክት ፈርተው ይዘጉታል፣ አንዳንዶቹ በጥያቄ ይከፍታሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይሰሙም። ስታንዳርዱ ሲለወጥም አዲሱን እትም እየተከታተሉ መጫን የእናንተ ሥራ ነው፤ ትናንት ትክክል የነበረ ዛሬ ያረጀ ሊሆን ይችላል፣ ባረጀ መመዘኛ ሰው መጣል ደግሞ ያሳፍራል።

አንድ ሁለት ዶሜይን ላለው ሰው ይህ ሁሉ ለምን? የሆላንዱን ይጠቀም፣ የዌብሳይቱን የኢንክሪፕሽን ሰርተፍኬት ሲቀይር በኤስኤስኤል ላብስ ያረጋግጥ። የራስን ቅጂ ማቆም የሚያዋጣው መቶዎችን ዶሜይን ለሚያስተዳድር ወይም በራሱ ቋንቋ ለሕዝብ ማቅረብ ለሚፈልግ ተቋም ነው። እናንተም ከነሱ ከሆናችሁ፣ ሰርቨሩን ሳትከራዩ በፊት የፖርት 25ን ነገር ጠይቁ።