ጊልሰን ፒፔትማን ክላሲክ፦ ለማስተማሪያ ባዮኬሚስትሪ ላብራቶሪ

በዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ ላብራቶሪ በቴክኒሻንነት የሚጀምር ሰው ከስፔክትሮፎቶሜትሩም ከሴንትሪፊዩጁም በፊት ጠንቅቆ ማወቅ ያለበት ፒፔትን፣ ማለትም ጥቂት ፈሳሽ ለክቶ የሚያንቀሳቅሰውን የእጅ መሣሪያ ነው። ተማሪ እጅ ላይ ቶሎ የሚበላሸውም እሱ ነው። ለማስተማሪያ ከሆነ የጊልሰን ኩባንያን ፒፔት፣ ፒፔትማን ክላሲክን ያስመረጠን ቴክኒሻኑ ራሱ ፈትቶ ሊጠግነው መቻሉ ነው። ፒ20፣ ፒ200 እና ፒ1000 (ቁጥሩ እያንዳንዱ የሚይዘው ከፍተኛ መጠን በማይክሮሊትር፣ ማለትም በሚሊሊትር አንድ ሺህኛ ነው) ካሉ ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ሙከራ ይበቃሉ።

ትልቁ ድክመቱ የቁጥር መስኮቱ ነው። ከላይ ወደ ታች 0፣ 7፣ 5 የሚል ንባብ በፒ20 7.5፣ በፒ200 75፣ በፒ1000 ደግሞ 750 ማይክሮሊትር ማለት ነው። ነጥብ የሚባል የለውም፤ በፒ20 የታችኛው፣ በፒ1000 የላይኛው ቁጥር ቀይ መሆኑ ብቻ ነው ምልክቱ። የፕሮቲን ልኬት ስታንዳርድ ኩርባ (መጠናቸው ከታወቀ ናሙናዎች የሚሳለው የማነጻጸሪያ መስመር) ሲጣመም መጀመሪያ እዚህ ጋ ይታይ። ሞላውም ጠንከር ስለሚል ለረጅም ሰዓት ሥራ አውራ ጣት ያደክማል።

ማንጠባጠቡን ለመፈተሽ ከፍተኛውን መጠን ውሃ ስቦ 20 ሰከንድ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ጫፉ ላይ ጠብታ ከተቋጠረ በመጀመሪያ ቲፑ (ጫፉ ላይ የሚሰካው ተቀያሪ ፕላስቲክ) ይቀየር፤ በደንብ የማይገጥም ርካሽ ቲፕ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካልቆመ የማያያዣውን ብሎን ማጥበቅ፣ ከዚያ አየር እንዳያልፍ ፒስተኑን የሚያሽጉትን ቀለበቶች፣ ኦ-ሪንጉንና ሲሉን መቀየር። ተማሪ አዝራሩን በድንገት ለቆ አሲድ ወደ ውስጥ ከገባ ሳይውል ሳያድር ይፈታ፤ ፒስተኑን ይበላዋል።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በባሕር ጠለል ደረጃ የተስተካከለ ፒፔት በመጠኑ አሳንሶ ይሰጣል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ሁሌም ወደ ማነስ ነው፤ ስለዚህ የፋብሪካውን ሰርተፍኬት ብቻ አምኖ መቀመጥ አይበቃም። ፒ1000ን በ0.1 ሚሊግራም ሚዛን መፈተሽ ይቻላል፦ ቲፑን በውሃ አርሶ፣ 1000 ማይክሮሊትር ዲስቲልድ ውሃ 10 ጊዜ መመዘን። ፒፔቱ ትክክል ከሆነ በ20 ዲግሪ አማካዩ ወደ 997 ሚሊግራም ይጠጋል። የፒፔት ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይሶ 8655 በ1000 ላይ የሚፈቅደው ስህተት 8 ማይክሮሊትር ነው። ለፒ20 ግን ይህ ሚዛን አይበቃም።

የግዢ ጥያቄ ሲጻፍ መለዋወጫ ኦ-ሪንግና ሲል ከፒፔቱ ጋር አብረው ይግቡ፤ ለብቻቸው በኋላ ማስገዛት ወራት ይፈጃል።