የልጄን ቴሌስኮፕ ላስተካከለልን ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

ቤቱ ውስጥ «ተበላሽቷል» ተብሎ ጥግ የተቀመጠ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ካለ ይህን ያንብብልኝ። እባካችሁ እንዳትጥሉት!

የልጄን ቴሌስኮፕ አክስቷ ናት ከሜሪላንድ በሻንጣ ያመጣችላት። በመስታወት የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ከቱቦው ሥር ትልቅ መስታወት፣ ወደ አፉ ደግሞ ትንሽ መስታወት አለው። ልጅቷ ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ስትጋረድ ካየች ጀምሮ ልቧ ሰማይ ላይ ነው፤ ዕቃው ሲመጣ የነበረውን ደስታ አትጠይቁኝ። ግን መንገድ ላይ ተናውጦ ነው መሰለኝ፣ ኮከቡ ሁሉ ጭራ ያወጣል፤ ጁፒተርም ድብስብስ ያለ ብርሃን ብቻ ሆነባት።

ያንከራተቱንን ሰዎች ስም አላነሳም፤ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። አንደኛው ቤት ቀብድ ተቀብለው «ነገ ኑ» ሲሉን ከርመው «መስታወቱ ሞቷል፣ ሌላ ግዙ» አሉን። ሌላው ይባስ ብሎ መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ፈትጎ፣ ጭሮት መለሰልን። ልጄ ያን ቀን እራቷን አልበላችም። የማያውቁትን ሥራ «አላውቅም» ማለት ምን ነበረበት?

በመጨረሻ የፊዚክስ አስተማሪዋ ይህን ልጅ ጠቆሙን። ገርጂ ቤታችን ድረስ መጣ። ገና ሲጀምር ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። «እናቴ፣ ካቻቢቴው ቢያመልጠኝ መስታወቱ ላይ እንዳይወድቅ ነው» አለኝ። እዚያው ላይ ልቤ አረፈ። ጭረቱን ሳሳየው «ይሄ ማየት አይከለክላትም፤ ከእንግዲህ ግን ማንም እንዳይወለውለው። ዕቃው ጤነኛ ነው፣ መስታወቶቹ ናቸው ያልተያዩት» አለ።

መሃሉ የተበሳ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ከቦርሳው አውጥቶ በቀዳዳው እያየ፣ መጀመሪያ የትንሹን፣ ቀጥሎ የትልቁን መስታወት ብሎኖች አዟዟረ። የቱ ብሎን ምን እንደሚሠራ እኔ አልገባኝም። «ተስተካክሏል» ካለ በኋላ ግን ከታች ያሉትን ሦስት ብሎኖች መልሶ አዛባቸው! ክው አልኩ። ካቻቢቴውን ለልጄ አቀበላትና «በይ እህቴ፣ አሁን አንቺ መልሺው» አላት። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ስትሳሳት አልነጠቃትም፤ «ቀስ፣ ትንሽ ብቻ አዙሪና እዪው» እያለ እስክትጨርስ ጠበቃት። ክዳኑንም ለእሷ ተወላት። «ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ መዛባቱ አይቀርም፤ በየጊዜው እኔን መጥራት የለባችሁም» አለ። ከገዛ እንጀራው ቆርሶ የሚሰጥ ባለሙያ ዛሬ የት ይገኛል?

ሲመሽ ግቢ አውጥተን መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ አብሮን ቆየ። የታኅሣሥ ሰማይ ጥርት ብሎ ነበር። ጁፒተር ከነመቀነቱ፣ አራቱ ጨረቃዎቹ በመስመር ተደርድረው ታዩን። መንዝ ያሳደገኝ አባቴ ሌሊቱ ምን ያህል እንደቀረው በኮከብ ይለይ ነበር፤ ይህን ሳያይ በማለፉ አንጀቴ ተላወሰ።

ከተስማማነው ላይ ልጨምርለት ብል እምቢ አለኝ። እጁ ይባረክ፣ ወላጆቹም ይባረኩ! ቴሌስኮፕ መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚጠጣባችሁ ትምህርት ቤቶችም ብትሆኑ ጥሩት፣ አትጸጸቱም። ስልኩን በኢንቦክስ ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ ሳያስፈቅዱ እዚህ መለጠፍ ደግ አይደለም። ሲመጣ ብቻ ልጆቻችሁን አጠገቡ አስቀምጧቸው።