ለድመት የሚመጣ ሐኪም ጎንደር ውስጥ አለ፤ ምስጋናዬም ይኸው

ሰላም የጎንደር ልጆች። ይህን ከፋሲካ ማግስት ልጽፈው አስቤ ሥራ በዛብኝና ዘገየሁ።

የምኖረው አራዳ አካባቢ፣ ሦስት ተከራይ ያለበት የድሮ ግቢ ውስጥ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ኮርኒሳችን ውስጥ አንዲት ግራጫ ድመት ወለደች። የማንም አይደለችም። እንኳን ልትነካ፣ ቀና ብላችሁ ካያችኋት ጣራ ላይ ናት። ጾሙ ገብቶ አብዛኛው ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ከሳ (ሳይወዱ በግድ የሚጾሙ እነሱ ብቻ ናቸው)። እሷም ምግብ ፍለጋ የት እንደገባች እንጃ፣ አንድ ቀን የኋላ እግሯ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ መጣች። በሦስተኛው ቀን እግሯ አብጦ መሽተት ጀመረ።

እኔ ጀግናዋ በፎጣ ልይዛት ገባሁ። አውራ ጣቴን ነከሰችኝ።

መጀመሪያ የደወልኩበት ቦታ «ለድመት ነው?» ብለው ሳቁብኝ። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ። ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ፣ ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ «የአጎቴን በቅሎ ያዳነ ሰው አለ» ብሎ ቁጥር ሰጠኝ። ሰውየው ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ ዶክተሩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስለ ድመቷ መዘርዘር ስጀምር አቋረጠኝ። «አንቺን ነክሳሻለች?» አዎ አልኩት። «እንግዲያው ድመቷ ትቆይ። አሁኑኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቢ፣ 15 ደቂቃ ሙሉ፣ ሰዓት እያየሽ። ከዚያ ጤና ተቋም ሄደሽ የእብድ ውሻ ክትባት ጠይቂ።» እኔ በሽታው የውሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ድመትም ታስተላልፋለች፤ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከጀመረ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ማታ ደውሎ «ክትባቱን ጀመርሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። የወደድኩት ያኔ ነው።

በማግስቱ በያጅ ዘንድ ያሠራውን የብረት ሳጥን ይዞ መጣ። ውስጡ መርገጫ አለው፣ ድመቷ ስትረግጠው በሩ ይወርዳል። ማባበያው የጎርጎራ ዓሣ ጭንቅላት ነበር (ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የጾም ክርክር ለካህናቱ ትቻለሁ፣ የድመቷ አቋም ግን ግልጽ ነው)። ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ዘግተን ድምፃችንን አጥፍተን ጠበቅን። በሩ ሲወርድ የጮኸችው ጩኸት እስከ ፒያሳ ሳይሰማ አልቀረም። እሱ ግን ሳይቸኩል የእኔን ጋቢ ሳጥኑ ላይ ጣል አደረገበት፤ ሲጨልምባት ጸጥ አለች። ማደንዘዣ ወግቶ ሽቦውን በፒንሳ እየቆራረጠ አወጣ። እግሯ ይቆረጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆረጠም።

እስክትነቃ ልጆቿ እኔ ላይ ወደቁ። አራት ናቸው፣ ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ የላም ወተት ሰጥቻቸው ሁለቱ አስቀመጣቸው፤ ዶክተሩ ሲሰማ ተቆጣኝ። ወተቱ ሆዳቸውን ያበላሻል፤ ደግሞም ብርድ የያዘውን ግልገል መጀመሪያ ማሞቅ እንጂ መመገብ አይገባም። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን አጠገባቸው አስቀመጥን። በዚያ ዕድሜ እናታቸው እየላሰች ካላሸናቻቸው ራሳቸው አይሸኑም፤ እሱንም በእርጥብ ጥጥ እኔው ሠራሁት። የግቢው ሰው እስካሁን ይስቅብኛል።

ማታ እናትየዋ ተመለሰችላቸው። በፋሲካ ሰሞን ልጆቹ ጡት ሲተዉ ዶክተሩ እንደገና አጥምዶ አመከናት፣ እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች ብሎኝ ነበርና። ተደንዝዛ ሳለች የግራ ጆሮዋን ጫፍ ቆረጣት። አከራያችን እትዬ «ምን በደለች ብላችሁ ነው?» ብለው አኮረፉን። ለካ ምልክት ነው፤ ወደፊት የሚያያት ሰው መምከኗን አውቆ በከንቱ እንዳያጠምዳት።

ልጆቹ በጊዜ እጅ ስለለመዱ ሦስቱን ሰው ወሰዳቸው። አራተኛዋ ይኸው ስጽፍ ክንዴ ላይ ተኝታለች። እናትየዋ ግን ያው አውሬ ናት። ሳህኑን አስቀምጬ ፊቴን ካላዞርኩ አትበላም። ዶክተሩም «ትልቋ አትለምድሽም፣ አትጠብቂ» ብሎኛል። እኔ ትንሽ እጠብቃለሁ።

ወደ እሱ የምትሄዱ ሰዎች፣ ድመት በማዳበሪያ ከረጢት አፍናችሁ አትውሰዱ፣ የተበሳሳ ካርቶን ይበቃል። አመማት ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡ፣ ለድመት መርዝ ነው። ዋጋው ካሰብኩት በታች ነበር፤ አስቀድሞ ይነግራችኋል፣ የነገረው አይለወጥም። ጥፋት አለው ከተባለ ቀጠሮ አያከብርም። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት አስጠብቆኝ ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ፣ የተቸገረች ላም ሲያዋልድ ቆይቶ። ምን ትሉታላችሁ?

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ጠዋት ግን አትደውሉ፣ እጁ ላም ውስጥ ነው የሚሆነው።