የሽቦ፣ የፕላስቲክ ወይስ የጨርቅ? ቤት ውስጥ ለሚያድግ ውሻ የትኛውን ክሬት እንግዛ

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ሜሪላንድ የመጣች ጊዜ ሳሎናችን ጥግ ያለውን የሽቦ ሣጥን አየችና «ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» አለች። «እስረኛው» በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ውስጡ ተዘርግቶ ያንኮራፋል። ለእሷ ውሻ ማለት ግቢ ጠባቂ ነው፤ ቀን በሰንሰለት፣ ሌሊት ልቅ። አፓርታማ ውስጥ ቡችላ ያስገባ ሰው ግን ሳምንት ሳይሞላው ክሬት፣ ማለትም እንዲህ ያለ በር ያለው የውሻ ማረፊያ ሣጥን፣ ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ገዛሁ። አንዱ ይበቃኝ ነበር።

ዋጋ ከማወዳደራችን በፊት ዕቃው ምን እንደሚጠቅም እንይ። ውሻ በተኛበት መሽናት አይወድም፤ ሽንት የማስተማሩ ሥራም የሚቆመው በዚህ ባሕርይ ላይ ነው። ቡችላው በልኩ በሆነ ቦታ ሲተኛ ሽንቱን ለመያዝ ይሞክራል፤ በሩ ሲከፈት በቀጥታ ወደ ደጅ ትወስዱታላችሁ። የቻርጀር ገመድና ጫማም ይተርፋል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅም የታየኝ በፋሲካ ዕለት ነው። ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ግማሹ ውሻ ይፈራል፣ ልጆቹ ደግሞ ከዶሮ ወጡ ሊያጎርሱት ይሻማሉ። ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራ፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ክሬት የለመደ ውሻ ማዕዱ እስኪነሳ መኝታ ቤት ውስጥ የሚታኘክ መጫወቻውን ይዞ ያርፋል።

የሽቦው ክሬት ከሁሉም በብዛት የሚሸጠውና በዋጋም ቀለል የሚለው ነው። ተጣጥፎ እንደ ሻንጣ ይያዛል፣ አየር እንደልብ ያስገባል፣ ከሥሩ ያለው ትሪ ተስቦ ይታጠባል። ዋናው ብልጫው ግን መከፋፈያው ነው። ቡችላ ያድጋል፤ ለትልቅ ውሻ የሚሆነውን ሙሉውን ብትለቁለት አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ሽንት ቤት ያደርገዋል፤ ሥልጠናውም ያኔ ያበቃለታል። መከፋፈያው ግን ቦታውን አጥብቦ ይጀምርና ውሻው ባደገ ቁጥር ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ የምትገዙት አንድ ጊዜ ነው። መከፋፈያ የሌለው የሽቦ ክሬት ለቡችላ አይገዛም፣ ቅናሽ ቢኖረውም። ነውሩ መንኳኳቱ ነው፤ ሌሊት ውሻው በተገላበጠ ቁጥር ከታች ያለው ጎረቤት ይሰማል። ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ አድርጉ። በየአቅጣጫው የሚያየው ነገር እያስጮኸው ካስቸገረ ሦስቱን ጎን በአሮጌ አንሶላ መሸፈን ይረዳል። ጋቢ ግን አይሁን፣ ያፍነዋል።

የፕላስቲኩ ጎኑ ዝግ ስለሆነ ጨለም ይላል፤ ድንጉጥ ውሻ ከሽቦው ይልቅ እሱን ይመርጣል። አይታጠፍም፣ መከፋፈያም አብሮት አይመጣም፣ ስለዚህ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የገዛ ሰው ሁለተኛ መግዛቱ አይቀርም። በበጋ ሙቀት አፍንጫቸው ጥፍጥፍ ላሉት፣ ለፐግና ለቡልዶግ፣ አልመክረውም። በአውሮፕላን ጭነት ክፍል ለሚጓዝ ውሻ ግን ምርጫው እሱ ነው፤ ታጣፊውን የሽቦ ክሬት አይቀበሉትም። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር መስፈርት ውሻው መቆም፣ መዞርና እንደልቡ መጋደም እንዲችል ይጠይቃል፤ ለዓለም አቀፍ በረራ ደግሞ በአራቱም ጎን አየር ማስገቢያ ያስፈልጋል። የላይና የታች ክፍሉን የሚያያይዘው የብረት ብሎን ይሁን፤ የፕላስቲክ ቁልፉ ብቻውን አይበቃም። ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ውሻ ለማምጣት ያሰባችሁ ሣጥኑን ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀቱን እዩ። እንደ ፈረንጆቹ ከነሐሴ 2024 መጀመሪያ አንስቶ የሚገባ ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላውና ማይክሮቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ተጨማሪ ሰነድ ይጠየቃል።

የጨርቁን በአጭሩ ልለፈው፦ የእኔው አንድ ሌሊት ብቻ ቆየ። ቡችላው ዚፑን በጥርሱ ከፈተና ጠዋት አልጋዬ ሥር አገኘሁት። ቀላል ነው፣ ክሬት ለለመደ ትልቅ ውሻ በጉዞ ላይ ያገለግላል፣ በቃ። ኮሜዲኖ የሚመስለው የእንጨቱ ሳሎን ያሳምራል፤ ሽንት ከጠጣ ግን ሽታው አይለቅም፣ ዋጋውም ከሁሉም ይበልጣል።

ልኩን በግምት አትግዙ። ውሻውን አቁማችሁ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር ለኩና 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምሩ፤ ከፍታውንም እንዲሁ። አሜሪካ የሚሸጡት በኢንች ነው፦ 24፣ 30፣ 36፣ 42 እና 48። ላብራዶር ሲያድግ ብዙውን ጊዜ 42 (107 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ይፈልጋል።

ጭራሽ መግዛት የሌለበትም ሰው አለ። ሁለት ሥራ ደርቦ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ከቤት ውጭ የሚቆይ ሰው ችግሩን በክሬት አይፈታውም። የቡችላው ዕድሜ በወር ተቆጥሮ አንድ ሲጨመርበት የሚችለው የሰዓት ጣሪያ ይገኛል፤ የሁለት ወሩ ከሦስት ሰዓት በላይ አይችልም። ለዚህ ሰው ታጣፊ አጥር ገዝቶ ኩሽናው ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ መከለልና በቀን የሚያስወጣው ሰው መፈለግ ይሻለዋል። ብቻውን ሲቀር የሚሸበር ውሻም ሽቦውን ነክሶ ጥርሱን ይሰብራልና ለእሱ አይሆንም። ስዊድን ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ከጉዞና ከመሳሰሉት ጥቂት ሁኔታዎች በቀር ውሻን ቤት ውስጥ ክሬት ውስጥ መዝጋት በሕግ አይፈቀድም። የትም ብትሆኑ በሩ ከመዘጋቱ በፊት የአንገት ማሰሪያውን አውልቁ፤ ሽቦው ላይ ተጠልፎ ሊያንቀው ይችላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ብየዳ ቤት ማሠራት ትችላላችሁ። አጽሙን በቱቦላሬ፣ ወለሉን በላሜራ አሠሩት፤ ወለሉ መረብ ብቻ ከሆነ መዳፉን ያቆስለዋል። በብረቶቹ መሃል የውሻው ጭንቅላት እንዳይሾልክ ክፍተቱን ቡችላው ላይ ለኩ፣ የብየዳው ጫፍ በደንብ ይሞረድ፣ መቀርቀሪያው ከውጭ ይሁን። ቀለሙ ደርቆ ሽታው ሳይጠፋ ግን ውሻውን አታስገቡት።